የቅዳሜው አስኳል

የጋሽ አድማሱን ሞት የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ የተቀቀለ አተር ስልጥ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ በሥራ ሰዓት አተር የምትልጥበት ምክንያት አለ፤ እደርስበታለሁ። ስልኬ ሲጠራ እህታቸው እትዬ ሙሉጎጃም ነበሩ። «ፍሬ፣ አድማሱ አረፈ» አሉኝ። መቼ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሲነጋ» አሉና ዘጉት። እኔም የጀመርኩትን አተር ልጬ ጨረስኩ። ልቅሶው በኋላ መጣ፤ በዚያች ሰዓት ግን ሥራውን ጥዬ ብነሣ ጋሽ አድማሱ ራሳቸው የሚቆጡኝ መሰለኝ።

እንጅባራ ውስጥ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ እሳቸው ካርድ ክፍል፣ እኔ ላቦራቶሪ፣ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ላይ ጋቢ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። የእንጅባራን ብርድ አይወዱትም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በጫግኒ ቆላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የወባ መከላከል ሠራተኛ ሆነው ኩሬ ሲያደርቁ፣ ቤት ሲረጩ፣ የትንኝ እጭ ሲገድሉ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብለው የትንኝ እጭ ማርባት ጀመሩ። እንዲህ ዓይነት ሰው አንዴ ካወቁ መርሳት አይቻልም።

እጩን የሚያረቡት ለዓሦች ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተራችን በሽተኛ ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ አንድ አኳሪየም፣ የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሣጥን፣ ከአዲስ አበባ አስመጥተው አስቀምጠው ነበር። ውስጡ ያሉት ጋፒ የሚባሉ፣ ከጣት አንጓ የማይበልጡ፣ ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጥለት የሚያምር የሞቃት አገር ዓሦች ናቸው። አብሮ የመጣላቸው ምግብ አንድ ቆርቆሮ ደረቅ ነገር ብቻ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ባስታወሰች ጊዜ ትበትንላቸዋለች፤ በሽተኛውም ዳቦና ቆሎ ይጥልላቸዋል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚያው መስታወቱ ፊት ይጀመራል። አንድ ጊዜ ፈረሱን ከበር አስሮ የገባ ሽማግሌ ክርክሩን ሲሰማ ቆየና «ቢፈቀድስ ይኼ ለማን ሊበቃ ነው?» ብሎ ሁሉን አሳቀ። ዓሦቹ ግን ቀለማቸው እየጠፋ፣ ጅራታቸው እየተቀደደ ሁለቴ አለቁ። ዶክተሩ ሦስተኛ ጊዜ አስመጡና «እነዚህም ካለቁ ይነሣና ቴሌቪዥን ይገባበታል» ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

ጋሽ አድማሱ የተቀጠሩት በዚያው ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጋቢያቸውን ሰብስበው መስታወቱ ፊት ቆሙና የጽዳት ሠራተኛዋን ጠሯት።

«እነዚህ ትናንት ምን በሉ?»

«ያንኑ የቆርቆሮውን።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ያንኑ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አይ» አሉ። «እኔን ዓመት ሙሉ ሽሮ ብታበሉኝ እችለዋለሁ፤ ቃሪያው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ፣ አንድ ቀንም በዓል ይመጣል። ለእነዚህ ግን በዓል የሚባል አልመጣላቸውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወቱ የእሳቸው ሆነ። ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም። ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጠፉ። ሰኞ ደረቁ ምግብ በጣት ደቅቆ። ማክሰኞ አተር ተቀቅሎ፣ ገለፈቱ ተልጦ፣ ተፈጭቶ። ረቡዕ ምንም። ሐሙስ እጭ። ዓርብ የጎመን ቅጠል በፈላ ውሃ ለስልሶ። ቅዳሜ የእንቁላል አስኳል። እሑድ እንደ ሰኞ። የረቡዕን ባዶነት ያየ ሁሉ «ዓሦቹንም ክርስትና አነሷቸው እንዴ?» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም ስቀው ያልፉታል። መጠኑንም የሚያስተምሩን በራሳቸው ሚዛን ነበር። «የዓሣ ሆድ የዓይኑን ያህል ነው። አንድ አባታችን ሆይ ብለሽ እስክትጨርሺ የበሉት ይበቃቸዋል። ከዚያ የተረፈው ውሃውን ነው የሚያበላሸው» ይላሉ። እውነትም ቆመው በለሆሳስ ሲደግሙ አይቻቸዋለሁ። አሜን ሲሉ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

እጩን የሚያሳድጉት ጓሯቸው ውስጥ ባሉ ሁለት ማሰሮዎች ነው፤ አፋቸው በስስ ጨርቅ የታሰረ። ሐሙስ ጠዋት በብልቃጥ ያመጡና መጀመሪያ ወደ እኔ ማይክሮስኮፕ ይመጣሉ። ማይክሮስኮፕ ሳያስፈልጋቸው ነው፤ ደስ ስለሚላቸው። «ተመልከቺ፣ ይኼ ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ክፉ አይደለም። የወባዋ ከውሃው ፊት ተጋድማ ነው የምትተኛው። እሷን ካየሁ እደፋለሁ» ይሉኛል። አንድ ቀን ጨርቁ ቢፈታ ምን ሊሆኑ ነው ብዬ ነገር ፈለግኋቸው። «አንዲት ካመለጠችኝ ሠላሳ ዓመቴ ተሰረዘ ማለት ነው» አሉና ብልቃጡን እንደገና ከደኑት። ሲናገሩ አልሳቁም።

መብራት ሲጠፋ የዓሦቹ ውሃ ማሞቂያ ይቆማል፤ እንጅባራ ደግሞ ብርዷን ሁሉም ያውቀዋል። ያን ጊዜ ጋቢያቸውን አውልቀው መስታወቱን ይሸፍኑታል፤ እሳቸው በኮት ብቻ ተኮራምተው ካርድ ይጽፋሉ። በየመሐሉ ተነሥተው መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ያደርጋሉ። አንዲት ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ በጋሪ የመጣች እናት በጋቢ የተሸፈነውን አይታ ሕፃን የተኛ መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች፤ ማንም ሳይነግራት ወረፋዋ ደረሰ። ጋሽ አድማሱ ለእኛ በአማርኛ፣ ከገጠር ለሚመጣው በሽተኛ በአዊኛ፣ ለዓሦቹ በሁለቱም ያወሩ ነበር። የሆድ ሕመምተኛ ሲመጣ ደግሞ ካርዱን ከመጻፋቸው በፊት «ሳምንቱን ምን ስትበላ ሰነበትህ?» ይሉታል። ዶክተሩ መጀመሪያ ይበሳጩባቸው ነበር፤ በኋላ መልሱን ካርዱ ጥግ ላይ እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው።

አሁን ወደ አስኳሉ ልምጣ። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ነው የምትወልደው። ልጆቹ የስፌት መርፌ ጫፍ ያህላሉ፤ የትልቆቹን ምግብ መጉረስ አይችሉም። ጋሽ አድማሱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ እንቁላል ጠንክሮ እስኪበስል ላቦራቶሪ ውስጥ ባለችው ምድጃ ይቀቅላሉ። ከአስኳሉ ጥፍር የምታህል ቆርሰው በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ያደርጓታል። ቢጫ ጉም ይወጣል፤ ልጆቹ ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። የተረፈው ለጥበቃው ውሻ ይሄዳል። ጋሽ አድማሱ እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ይኼ ነው ሥራው ሁሉ።

ሁዳዴ ሲሆን ግን ይኼው ሥራ ሌላ መልክ ያዘ። ሃምሳ አምስት ቀን ከእንቁላል ደጅ በማይደረስበት ጊዜ፣ በየቅዳሜው የሚቀቅል ሽማግሌ፣ ያውም የሰንበቴ ማኅበርተኛ፣ ያውም ዲቁና የተማረ። መርፌ ክፍል የምትሠራው ሲስተር የሺ ጣታቸው ላይ ቢጫ አየች። ለአንዷ ነገረች፤ አንዷ ለጎረቤቷ። ወሬው ለዓሣ ነው የሚለውን እየጣለ፣ እንቁላሉን ብቻ ይዞ ከተማውን ዞረ። ጋሽ አድማሱ ሰምተዋል። ምንም አላሉም። በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አፋቸው ሲገባ አይቼ አላውቅም፤ ይኼን የማውቀው ቀን ቀን አጠገባቸው የምውል እኔ ነኝ። እኔም ምንም አላልኩም።

ከአራት ዓመት በፊት በሁዳዴ አጋማሽ እትዬ ሙሉጎጃም ጫግኒ ታመሙ። ጋሽ አድማሱ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰዱና ዓሦቹን ለእኔ አደራ ሰጡ። ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅለው በእጄ አስያዙኝ፤ የእጩን ማሰሮም አመጡልኝ። «ቅዳሜን እንዳትረሺ፤ ሰሞኑን የተወለዱት ሃያ ይሆናሉ» አሉኝ። አልረሳም አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ አልረሳሁም።

ያደረግሁት ከመርሳት የባሰ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ እንቁላሉን በእጄ ይዤ ምድጃው ፊት ቆምኩ። ሲስተር የሺ በሩ ላይ ብቅ አለችና «አንቺም?» አለችኝ። አንዲት ቃል ናት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዓመት ልታጭ ነው፤ የሰው አፍ ምን እንደሚያደርግ በጋሽ አድማሱ አይቻለሁ። እንቁላሉን መለስኩት። ከዚያ ሁላችንም ተሰብስበን መከርን። የክርስቲያን ቤት ዓሦች እንደ ክርስቲያን ቢጾሙ ምን ይላቸዋል ተባለ። እጭ ነፍስ አለው ተብሎ ቀረ። ሲስተር የሺ የደረቁን ምግብ ቆርቆሮ ገልብጣ አነበበችና የዓሣ ዱቄት አለበት አለች፤ እሱም ቀረ። አተርና ጎመን የተፈቀደ ነበር፤ ግን ማን ይልጣል፣ ማን ያለሰልሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ከቤቷ በሶ አመጣች። በሶ የማይወድ ማን አለ? በየቀኑ አንድ ቁንጥር፣ ከዚያ ሁለት ቁንጥር በተንንላቸው። ያጸደቅናቸው መስሎን ደስ አለን።

በሳምንቱ ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣ። ትልልቆቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ወደ ላይ ተንሳፈፉ። ሃያዎቹ ልጆች አንድም አልቀሩ። ማይክሮስኮፕ የማይ፣ ባክቴሪያ የምቆጥር ሰው ነኝ፤ ያን ውሃ አንድ ጠብታ ወስዶ ማየት እንኳ አልመጣልኝም። ጋሽ አድማሱ በተመለሱበት ቀን ከአርባ ምናምን ዓሣ የተረፉት አሥራ አንድ ነበሩ።

ከጫግኒ አውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ነው የመጡት፤ ሻንጣቸው በእጃቸው ነው። መስታወቱ ፊት ቆሙ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። በዚያው ቅጽበት ዶክተሩ ከክፍላቸው ወጡ።

«ይኼን ማነው ሲያበላ የነበረው?»

አፌን ከፈትሁ። ጋሽ አድማሱ ቀደሙኝ። «መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ጉድለት ካለ ከኔ ነው።»

«እርስዎ ጫግኒ አልነበሩም እንዴ?»

«ብሆንስ? አደራው የኔ ነው።»

ዶክተሩ መስታወቱን አዩት፣ እሳቸውን አዩአቸው። «ለታመመ ሰው የሚሞት ነገር አላሳይም። ነገ ይነሣ።»

«እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ።» ጋሽ አድማሱ ለራሳቸው አንድ ቀን ፈቃድ እንኳ ጨምሩልኝ ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ዶክተሩም ይኼን ያውቃሉ መሰለኝ፣ «እስከ ፋሲካ» ብለው ገቡ። እኔ የተከፈተ አፌን ዘጋሁት።

ላቦራቶሪ ተከትለውኝ ገቡ። «ምን አበላችኋቸው?» አሉኝ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ በሶውንም፣ «አንቺም?» የሚለውንም። በሶ ስል ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ፍሬ፣ ጾም ፈቃድ ነው። አንቺ ፈቅደሽ ትጾሚያለሽ። እነሱ መቼ ፈቀዱ?»

«እርስዎስ ረቡዕን ያስጾሟቸው የለም?» አልኩ። ጥፋተኛ ሰው መልስ አያጣም።

«እሱ ሆዳቸውን ማሳረፍ ነው። ጾም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።» ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ነይ፣ ባልዲ ያዢልኝ።»

በየቀኑ የውሃውን ሢሶ ቀዳን፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በእጅ ሙቀት ልክ እያሞቅን ተካን። ሁለት ቀን ምንም አልሰጧቸውም። በሦስተኛው ጥቂት እጭ፤ ቆጥረው ነው የሰጡት። ቅዳሜ ሲሆን ነጩን ጨርቅ ለእኔ ዘረጉልኝ። ልጅ ባይኖርም ሆዳቸው የተጎዳው ትልልቆቹም እንደ ልጅ ነው የሚቆጠሩት አሉኝ። አስኳሉን ቋጠርኩ። ከመቋጠሬ በፊት ግን ሄጄ የላቦራቶሪውን በር ዘጋሁ። ጋሽ አድማሱ አይተውኛል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።

ፋሲካ ሲደርስ አሥራ አንዱም በሕይወት ነበሩ፤ ጅራታቸው መልሶ ቀለም ይዟል። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን አንዷ ወለደች። ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ስለ ቴሌቪዥን ሳያነሡ ሄዱ። ያን ጊዜ ገብቼ «ዶክተር፣ እኔ ነበርኩ» ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ፤ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

በዚያው ዓመት የሰንበቴው ማኅበር አዲስ ሙሴ መረጠ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው። በዕድሜም፣ በአገልግሎትም የጋሽ አድማሱ ነው ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ ቆይቶ ለአያ ፈንታ ተሰጠ። አያ ፈንታ ደግ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን አልወቅስም። ለምን እንደዘለሏቸው ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ገብቼ፣ ለምን ዝም ይላሉ፣ ለምን ተነሥተው አይናገሩም ብዬ ተቆጣኋቸው። መቆጣት የሚገባኝ ይመስል። ደረቁን ምግብ በጣታቸው እያደቀቁ ነበር። «ያሻቸውን ይበሉኝ። እኔ ከሙሴነቱ ብቀር ምን ይጎድልብኛል፣ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ልጆቹ ቅዳሜን ካጡ ግን ይሞታሉ» አሉኝና አባታችን ሆይን ጀመሩ። ልወዳቸው የጀመርኩት ያን ዕለት ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ደረታቸው ታሞ ከሥራ ቀሩ። እትዬ ሙሉጎጃም ድነው ከጫግኒ መጥተው አስታመሟቸው። ወረቀቱ ወደ እኔ ላቦራቶሪ ግድግዳ ተዛወረ። ማክሰኞ አተር የምልጠው እንግዲህ ለዚህ ነው።

የሞቱት በሁዳዴ ነው። በሠልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ዶክተሩ አሉ፣ ሲስተር የሺ አለች፣ የማኅበሩ ሰዎች ከአያ ፈንታ ጋር በአንድ ወገን ተደርድረዋል። ንፍሮ እየዞረ ነው። አንዲት ጎረቤት ለማጽናናት ብላ «በሁዳዴ መሞት መታደል ነው፣ እትዬ ሙሉ» አለቻቸው። ከማኅበሩ ወገን አንድ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጾመ ሰው ነዋ» አለ። ዝቅ ማድረጉ አልረዳውም፤ ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን ነቀነቀ። እትዬ ሙሉጎጃም ከመሬቱ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

ተነሣሁ። ሴት ልጅ በለቅሶ ድንኳን ተነሥታ የምትናገርበት ወግ እንደሌለ አውቃለሁ።

«ጋሽ አድማሱ በጾም እንቁላል ሲቀቅሉ ያየን ብዙ ነን» አልኩ። «ሲበሉ ያየ አለ?»

ሲስተር የሺን አየኋት፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እኔ ስድስት ዓመት አጠገባቸው ውያለሁ። እንቁላሉ ገና ለተወለዱት ዓሦች ነበር፤ ከዚያ ሌላ ስለማይጎርሱ። እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ አይቀምሱም ነበር። አሁን የምቀቅለው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የፊታችን ቅዳሜም እቀቅላለሁ።» ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። «ዶክተር፣ ያኔ ዓሦቹን የፈጀኋቸውም እኔ ነኝ። እሳቸው ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ያላበላኋቸው። እርስዎ ፊት ስሜን የሸፈኑልኝ እሳቸው ናቸው።»

ዶክተሩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ቁጭ አልኩ።

አያ ፈንታ ንፍሮውን በመዳፋቸው እንደያዙ ነበሩ። «ታዲያ ስንት ዓመት አብረን ጽዋ ስንጠጣ ምነው አንድ ቀን ሳይነግረን?» አሉ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

እትዬ ሙሉጎጃም ቀና አሉ። «ጠይቃችሁት ነበር?»

አያ ፈንታ ንፍሮውን ወደ ሳህኑ መለሱት። «አልጠየቅነውም» አሉ።